አክስቴ የእማዬን ሌትሮዞል ብትወስድ ችግር አለው?

ቤቲ ዘጎንደር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እማዬ 61 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና አድርጋ አሁን በየቀኑ ሌትሮዞል ትውጣለች። ታናሽ እህቷ 39 ናት፤ እሷም ያው ሕመም ይዟት ታሞክሲፈን ላይ ነች። የሁለቱም የፓቶሎጂ ውጤት ሆርሞን ፖዘቲቭ ይላል፤ ካንሰሩ ኢስትሮጂን በሚባለው የሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ነው ማለት ነው። ሰሞኑን ታሞክሲፈን ከፋርማሲ ጠፋ። አክስቴ ከኬሞው ወዲህ የወር አበባዋ ስለቀረ «እኔም እንደ እናትሽ አርጫለሁ፣ ከሷ ልካፈል» ትላለች። እማዬም እሺ ብላለች። ሁለቱም ኢስትሮጂንን የሚከላከሉ መድኃኒቶች አይደሉም እንዴ? ደግሞስ እማዬ ካረጠች ስንት ዘመኗ፣ ኢስትሮጂኑ ከየት መጣ?

ፋርማሲስቷ፦
ቤቲዬ፣ እባክሽ አሁኑኑ ደውለሽ አስቁሚያት። የካንሰር መድኃኒት የማድል ፋርማሲስት ነኝ፤ ይህ ነገር ያስፈራኛል።

ከእማዬ ልጀምር። ሴት ስታርጥ ኦቫሪዋ (እንቁላል የሚያመነጨው አካል) ሥራ ያቆማል እንጂ ኢስትሮጂን ጨርሶ አይጠፋም። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አንድሮጂን የሚባሉ ሆርሞኖችን ማመንጨት ይቀጥላሉ። ስብ፣ ጡንቻ፣ ቆዳና ጡቱ ራሱ ውስጥ ደግሞ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። አንድሮጂኑን ወደ ኢስትሮጂን የሚቀይረው እሱ ነው። ደሟ ውስጥ ያለው መጠን በጣም ቢወርድም፣ ካንሰሩ ውስጥ ሲለካ ገና ካላረጡት ጋር ይቀራረባል። ሌትሮዞል ኢንዛይሙን ያግደዋል። ዋናው ምንጯ ያ ስለሆነ ይበቃታል።

አክስትሽ ጋ ሌላ ነው። ምንጩ ኦቫሪ ነው፤ አዛዡም ጭንቅላት ውስጥ ያለው ፒቱታሪ ዕጢ። በሌትሮዞል ኢስትሮጂኑ ሲቀንስ ፒቱታሪ «አነሰ» ብሎ ኦቫሪን የባሰ ይቀሰቅሳል። ይኸው ሌትሮዞል እኮ መውለድ ላቃታቸው ሴቶች እንቁላል እንዲለቁ ይታዘዛል! በኬሞ የወር አበባ መቅረት ደግሞ ሁልጊዜ ማረጥ አይደለም። በ39 ዓመት ኦቫሪ ወራት ተኝቶ ሊነሳ ይችላል። ታሞክሲፈን ግን ኢስትሮጂኑ ከየትም ይምጣ፣ የካንሰሩ ሕዋስ ላይ ያለውን ተቀባይ ነው የሚዘጋው። ላረጠችም ላላረጠችም የሚሠራው ለዚያ ነው።

ሜሪላንድ፦
እኔ 41 ነኝ፤ ሌትሮዞል እወስዳለሁ፣ ግን ብቻውን አይደለም። በየ28 ቀኑ ሆዴ ላይ ጎሰሬሊን እወጋለሁ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ከቆዳ ሥር ትገባለች፤ ኦቫሪን ታስተኛለች። እንደዚያም ሆኖ ዶክተሬ ኢስትራዲዮሌን (ዋናውን የኢስትሮጂን ዓይነት) በደም ታስለካለች፣ ኦቫሪው እንዳይነቃ። አንዳንዶች ኦቫሪውን በቀዶ ያስወጡታል። ለእማዬ ደግሞ፦ ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ካሏት ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ ለሐኪሟ ትንገር። አጥንትም ያሳሳል። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ጠይቁላት።

ቤቲ ዘጎንደር፦
ደወልኩ፣ ገና አልጀመረችም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ግን ታሞክሲፈኑን እስክናገኝ ምን ታድርግ?

ፋርማሲስቷ፦
ተመስገን! የያዛትን ሐኪም ዛሬ ታናግር፤ እሱ ሳያውቅ ምንም አትቀይር። ፍለጋው ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ማዘዣዋ ላይ ባለ 20 ሚሊግራም ተብሎ ከሆነ ባለ 10ሩንም ጠይቁ። ሁለት ፍሬ ያው 20 ነው። ብዙ ሰው ባለ 20ው «የለም» ሲባል ባለ 10ሩ መደርደሪያው ላይ እያለ ባዶ እጁን ይመለሳል።