ከቨርጂኒያ ወደ ፍራንክፈርት፦ ወረቀቱ፣ እሁዱ እና ከልጆች ጋር የሚኬድበት

ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ፍራንክፈርት ሥራ አግኝቶ ከቨርጂኒያ ልንነሳ ነው። ሁለቱ ልጆቻችን አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ኑሮው እንዴት ነው? ከልጆች ጋርስ የት የት ይኬዳል?

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! እኛም የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘን ከሜሪላንድ የመጣን ነን።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንገላገል። ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንሜልዱንግ የሚባለውን የአድራሻ ምዝገባ ጨርሱ። አከራያችሁ የፈረመበትን ማረጋገጫ ሳትይዙ አትሂዱ። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ለስድስት ወር ያሠራል። ከዚያ በኋላ ያለ ፈተና ይቀየር አይቀየር እንደ ስቴቱ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ አጣሩ። የአሜሪካ ታክስ ደግሞ እዚህም ይከተላል። የውጭ ባንክ ሒሳባችሁ ተደምሮ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው ማሳወቅ አለባችሁ።

አሁን ወደ እሁድ ልምጣ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ጠዋት ዳቦ ቤት ይከፍታል፣ ባቡር ጣቢያ ያሉ ሱቆችም ይሠራሉ፤ ሌላው ጭር ይላል። በድሪል ግድግዳ መብሳት፣ በማሽን ሣር ማጨድ፣ ባዶ ጠርሙስ ገንዳ ውስጥ መጣል ሁሉ ክልክል ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስቤዛ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ይከብዳል። እኔ ግን ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ቀን አላየሁም። ልጆቹን ይዞ መውጣት ነው።

ብዙዎቻችን አውሮፓ እንደገባን ፓሪስና ሮም እንሮጣለን። በኔ እምነት ለእኛ ልጆች መጀመሪያ የሚገባቸው እዚሁ ጀርመን ያሉት ትሪር እና ጎታ ናቸው።

ትሪር ቆስጠንጢኖስ የነገሠባት የሮማውያን ከተማ ናት። ልጆቻችሁ በመስቀል ደመራ ላይ የሰሟት ንግሥት እሌኒ እናቱ ናት። ትልቁ ካቴድራል የእሷ ቤተ መንግሥት በነበረበት ቦታ እንደተሠራ በትውፊት ይነገራል፤ የራስ ቅሏ ነው የሚባለው ቅዱስ አጽምም እዚያው ይገኛል። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ «የኛዋ እሌኒ?» ብለው ደነገጡ። ከዚያ ፖርታ ኒግራ ወደሚባለው ጥቁር በር ውሰዷቸው። ሮማውያን ድንጋዮቹን ያያያዙት ያለ ጭቃና ኖራ፣ በብረት ማያያዣ ነው። ብረቱን በኋላ ሰዎች ፈልፍለው ስለወሰዱት ጉድጓዶቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ። በሩ ራሱ የተረፈው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ስምዖን የተባለ የግሪክ መነኩሴ በዓት አድርጎት ስለኖረበት ነው። መነኩሴው ሲያርፍ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ስለዚህ ማንም አላፈረሰውም።

ጎታ ብዙ አበሻ የማያውቃት ትንሽ ከተማ ናት። ከፍራንክፈርት ወደ ኤርፈርት በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ትገኛለች። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአማራ አገር ካህን እ.ኤ.አ. በ1652 በጎታው መስፍን በኤርንስት ተጋብዘው ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት መጥተው ነበር። ያኔ የቤተ መንግሥቱ ግንባታ ገና አላለቀም ነበር። ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስለ አገራችን ቋንቋና ታሪክ አስረዱት። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው ከእሳቸው በተማረው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ሰጥማ አረፉ። አማርኛ መማር ለሰለቸው ልጅ ይህን ታሪክ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆማችሁ ንገሩት። የኔ ትልቁ ልጅ በባቡር ስንመለስ የአባ ጎርጎርዮስን ስም በፊደል እየጻፈ ነበር፤ እኔም አላስቆምኩትም።

ሌላ መልስ

እኔም ትንሽ ልጨምር። ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር በፈጣኑ ባቡር በነጻ ይሄዳሉ፤ ግን ትኬቱ ሲገዛ ቁጥራቸው መግባት አለበት። ከ6 ዓመት በታች ላሉት ይህም አያስፈልግም። ጎታ ስትሄዱ ደግሞ ሰኞ እንዳይሆን፤ የፍሪደንሽታይን ሙዚየም ዝግ ነው።