ካልኩለስ አንድን የሚችል ተማሪ ይዝለለው ወይስ ይቀመጥበት?

ጠመኔ (አወያይ)፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። አንድ ተማሪ ለሒሳብ ዲግሪ ገብቷል። ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል ሁለተኛ ደረጃ ላይ ጨርሷል። ትምህርት ክፍሉ ሦስት ኮርሶችን በፈተና እንዲያልፍ ይፈቅድለታል፦ ካልኩለስ አንድ፣ ሊኒየር አልጀብራ አንድ እና የፕሩፍ (የሒሳብ ማረጋገጫ አጻጻፍ) መግቢያ። ይዝለል ወይስ አይዝለል? እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ተረቱን ትታችሁ በኮርሶቹ ይዘት ተከራከሩ።

ማትሪክስ፦ ይዝለል። የሒሳብ ኮርሶች የተያያዙት እንደ ሰንሰለት ነው። ካልኩለስ አንድን ሳያልፉ ሁለትን፣ ሁለትን ሳያልፉ የብዙ ቫሪያብል ካልኩለስን መውሰድ አይቻልም። መጀመሪያ ላይ አንድ ሴሚስተር የቆጠበ ተማሪ መጨረሻ ዓመት ላይ እንደ ሜዠር ቲዎሪ ወይም ጋልዋ ቲዎሪ ላሉ ከፍተኛ ኮርሶች ቦታ ያገኛል። ሁለተኛ ዲግሪ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ መሰላቸት የሚያደርሰውን ጉዳት አትርሱ። የሚያውቀውን ለስምንት ሳምንት የሚሰማ ተማሪ የቤት ሥራ መሥራት ያቆማል። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ የቴይለር ቀሪ (ፈንክሽንን በፖሊኖሚያል ሲጠጉት የሚቀረው ስህተት) ሲመጣ እጁ ዝጎ ይጠብቀዋል።

ኤፕሲሎን፦ «የሚያውቀውን» ስትል ምኑን ነው የሚያውቀው? ማስላቱን ነው። የኤክስ ስኩዌር ፈንክሽን በሁሉም ሪል ቁጥሮች ላይ ኮንቲኒዩየስ መሆኑን ይነግርሃል። ዩኒፎርምሊ ኮንቲኒዩየስ ነው ወይ ስትለው ዝም ይላል። መልሱ ሦስት መስመር ነው፦ ዴልታ (በሁለት ነጥቦች መካከል የሚፈቀደው ርቀት) የፈለገችውን ያህል ትነስ፣ አንደኛውን ነጥብ 1/ዴልታ አድርገው፣ ሁለተኛውን ከእሱ የዴልታን ግማሽ ያህል ፈቀቅ አድርገው። የነጥቦቹ ርቀት ከዴልታ ያንሳል፤ የስኩዌሮቻቸው ልዩነት ግን 1 ሲደመር የዴልታ ስኩዌር ሩብ ነው፣ ሁልጊዜም ከ1 ይበልጣል። «ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ዴልታ አለ» እና «ለሁሉም ነጥብ የምትበቃ አንዲት ዴልታ አለች» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያልለየ ሰው ሪል አናሊሲስ (ካልኩለስን ከነማረጋገጫው የሚያጠናው ኮርስ) ውስጥ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሰምጣል። እዚያ ደርሶ ይህን ከሥሩ የሚያስተምረው መምህር አያገኝም። አወያዩ የከለከለው የእንቁላሉን ብቻ ስለሆነ ልበል፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማትሪክስ፦ የምትሟገተው ለፕሩፍ ኮርሱ እንጂ ለካልኩለስ አንድ አይደለም። አብዛኛው የካልኩለስ አንድ ትምህርት ኤፕሲሎንና ዴልታን (የሊሚትን ጥብቅ ትርጓሜ) በአንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነካክቶ ያልፋል። ተማሪው ካልኩለስ አንድን ቢቀመጥበትም አንተ ያልከውን አይማርም። ሦስቱን ኮርሶች በአንድ ላይ አስረህ አትፍረድባቸው።

ኤፕሲሎን፦ ይሁን፣ እንለያያቸው። የፕሩፍ መግቢያው በፍጹም አይዘለልም ባይ ነኝ። መዝለል እችላለሁ ለሚል ግን ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው፣ √2 ራሽናል አለመሆኑን ሁሉም ሸምድዶ ይመጣል። ያንኑ ማረጋገጫ ለ√4 ይሞክረውና የትኛው መስመር ላይ እንደሚሰበር ያሳይ። በተቃለለ ክፍልፋይ ሲጽፈው ላይኛው ቁጥር ሙሉ በሙሉ ለሁለት ተካፋይ መሆኑ ይወጣለታል፤ ታችኛው ግን ተካፋይ ይሁን የሚያሰኘው ምክንያት የለም፣ ስለዚህ ተቃርኖው አይመጣም። ይህን ካላየ ሸምድዶታል እንጂ አልገባውም። ሁለተኛው፣ «ፈረሶች ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው» የሚለው የኢንዳክሽን (ከአንድ ቁጥር ወደሚቀጥለው እየተሻገሩ የማረጋገጥ) ቀልድ የት ላይ ነው የተሳሳተው? ከ1 ወደ 2 ሲሻገር ነው፤ ቀልዱ አንዴ የመጀመሪያውን፣ አንዴ የመጨረሻውን ፈረስ አስወጥቶ ሁለት ቡድን ያደርጋል፣ ፈረሶቹ 2 ሲሆኑ ግን ሁለቱ ቡድኖች የሚጋሩት ፈረስ የላቸውም። ይህንን በሁለት መስመር የጻፈ ተማሪ ካለ አልከለክለውም።

ባዶ ስብስብ፦ ስለ ካልኩለስ ብዙ ተባለ። እውነተኛው ወጥመድ ሊኒየር አልጀብራ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው እንደሚያውቀው እርግጠኛ ነው። የ3 በ3 ዲተርሚናንት ያወጣል፣ በጋውስ ዘዴ ኢኩዌሽኖች ይፈታል፣ «ጨረስኩት» ይላል። ይህንን ስጡት፦ ዲግሪያቸው ከ3 የማይበልጥ ፖሊኖሚያሎችን ውሰድ፣ ዴሪቬቲቭ መውሰድን እንደ ሊኒየር ትራንስፎርሜሽን ቁጠረው። የስፔሱ ዳይሜንሽን ስንት ነው? 4። ከርነሉስ (ወደ ዜሮ የሚሄዱት)? ቋሚ ቁጥሮቹ ናቸው፣ ዳይሜንሽኑ 1። ኢሜጁ (የሚወጡት ውጤቶች) 3። ማትሪክሱን ጻፍ። ቤዚስ በመቀየር ዳያጎናል (ከዋናው ሰያፍ ውጭ ሁሉም ዜሮ) ይሆናል ወይ? አይሆንም፦ አራት ጊዜ ሲደጋገም ሁሉንም ዜሮ ያደርጋል፣ ስለዚህ ያለው ብቸኛ አይገንቫልዩ (ትራንስፎርሜሽኑ አንድን ቬክተር በመስመሩ ላይ እንዳለ የሚያባዛበት ቁጥር) ዜሮ ነው፤ ዳያጎናል ቢሆን ኖሮ ራሱ ትራንስፎርሜሽኑ ዜሮ በሆነ ነበር። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደብተር ሳይገልጥ ከሠራው ይዝለል። «ማትሪክሱ የት አለ? ቁጥሮቹስ?» ብሎ ከጠየቀ ይቀመጥ። የጎደለው ኋላ ይጠየቃል፦ በብዙ ቫሪያብል ካልኩለስ አንድ ነጥብ ከፍተኛ ይሁን ዝቅተኛ የሚለየው በሄሲያን ማትሪክስ (የሁለተኛ ዴሪቬቲቮች ሠንጠረዥ) አይገንቫልዩ ምልክት ነው፣ የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሲስተምም የሚፈታው በእነዚሁ ነው።

ክሬዲት ቆጣሪ፦ ይዘቱን ትታችሁ ለአፍታ ወረቀቱን እዩ። «መዝለል» የሚባለው ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ክሬዲቱ ተመዝግቦለት ማለፍ ነው። ሌላው ኮርሱ ይቀርለትና ክሬዲቱ አይሰጠውም፤ ያንኑ ያህል ክሬዲት በሌላ ኮርስ መሙላት አለበት። ሦስተኛው ፕሪሪኩዚቱን (ቀድሞ መወሰድ ያለበትን ኮርስ ግዴታ) ብቻ ማንሳት ነው፦ ካልኩለስ ሁለትን ቀድሞ ይወስዳል፣ አንድ ግን ለምረቃ አሁንም ይጠበቅበታል። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበል፤ በቃል የተባለ ነገር ከሰውዬው ጋር አብሮ ይሄዳል። ካልኩለስ ሁለት በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም በሁለተኛው ሴሚስተር የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አንድን በመዝለሉ ያተረፈው ነገር የለም፤ ስድስት ወር ያለ ካልኩለስ ቆይቶ የሚያውቀውንም ይረሳል። የኮርስ መቀየሪያው ቀን መቼ እንደሚዘጋም ይወቅ። ብዙ ተማሪ ከአቅሙ በላይ መግባቱ የሚገባው መመለሻው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ማትሪክስ፦ የመጨረሻዋ ነጥብ ወሳኝ ናት። እኔም የምለው ከፍ ባለው ኮርስ ተመዝገብ፣ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ከመዝጊያው ቀን በፊት ሙሉ በሙሉ ሠርተህ ጨርስ ነው። ካልሆነልህ በጊዜ ውረድ።

ኤፕሲሎን፦ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ክለሳ ስለሆነ ማንንም አይለይም። ያለፈ ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ይፈልግ፤ ሙሉ ሰዓቱን ተቀምጦ፣ ያለ ደብተርና ያለ ካልኩሌተር ይሥራው፤ ሌላ ሰው ያርመው። እኔ የምቆርጠው 85 ከመቶ ላይ ነው። ከውጤቱ በላይ ግን ነጥቡ የት እንደጎደለ ይታይ። የ1/ኤክስ ስኩዌርን ኢንቴግራል ከ−1 እስከ 1 ስጡትና −2 ብሎ ከመለሰ፣ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ የሆነ ፈንክሽን ነጌቲቭ ስፋት ሰጠው ማለት ነው፤ ዜሮ ላይ ፈንክሽኑ እንደሚፈነዳ አላየም። በመደመር ስህተት አሥር ነጥብ ያጣ ይዝለል፣ በዚህ ዓይነቱ አምስት ያጣ ይቀመጥ።

ማትሪክስ፦ 85 ከየት መጣ? ሴሚስተሩን ሙሉ የተቀመጠው ተማሪ 60 አምጥቶ ወደሚቀጥለው ሲገባ ማንም አይከለክለውም። የሚዘለው ላይ ብቻ ለምን ሚዛኑ ይከብዳል?

ኤፕሲሎን፦ 60 ያመጣው ቢያንስ አርባው ምን ላይ እንደጎደለው ሰምቷል፤ ስሙን ያውቀዋል፣ መጽሐፍ ውስጥ ሊፈልገው ይችላል። የዘለለው ያልሰማውን ነገር መኖሩንም አያውቅ።

ጠመኔ፦ መካከለኛ መንገድስ? ተመዝግቦ ክፍል ሳይገባ አሳይመንቱንና ፈተናውን ብቻ ቢሠራ?

ባዶ ስብስብ፦ ቀላል ይመስላል፣ ግን በጥቃቅን ነገር ይወድቃል። ሎግ ሲጻፍ ቤዙ 10 ነው ወይስ ናቹራል? ዜሮ ከናቹራል ቁጥሮች ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? «የሎፒታልን የሊሚት ሕግ አትጠቀሙ» ተብሎ ነበር ወይ? ሁሉም የሚነገሩት ክፍል ውስጥ ነው፣ ፈተና ላይ ግን ነጥብ ያስቆርጣሉ። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይገኝ፣ ከዚያ በኋላ የሚያየውን መርጦ ይግባ። ኮርሱ ጠለቅ ያለ፣ ለሒሳብ ተማሪዎች ብቻ የሚሰጥ ቅጂ ካለው ደግሞ ያንን ይውሰድ፤ ስሙ ካልኩለስ አንድ ይሁን እንጂ ቲዎረሞቹን ከነማረጋገጫቸው ያያል፣ አይሰለችም።

ማትሪክስ፦ ቅጂው ካለ ተስማምቻለሁ። ከሌለ ካልኩለስ አንድን ዘሎ ያን ሰዓት ለፕሩፍ መግቢያው ይስጠው። በ85ቷ ግን ከኤፕሲሎን ጋር አልታረቅኩም። 75 አመጣ እንበል፤ ፈተናውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ምንም ሳይከልስ ሌላ ዓመት ያወጡትን ይድገመው። ያንኑ ካመጣ ይለፍ።

ኤፕሲሎን፦ 75 እና ሳይከልስ? ከነዚያ የጎደሉት 25 ውስጥ ስለ ሲሪስ ኮንቨርጀንስ (ማብቂያ የሌለው ድምር ወደ አንድ ቁጥር ስለመጠጋቱ) ያለው ጥያቄ ከሌለ እቀበላለሁ። ካለ ግን ካልኩለስ ሁለት ግማሹ እሱ ነው።