መሪውን ዝቅ ሳደርግ ጭኔ ሆዴን ይገፋል፤ ምን ላስተካክል?

ሰላም ለሁላችሁ። በትሪያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረጉበት ውድድር) ብስክሌቴ ላይ አቀማመጤን ይበልጥ ዝቅ አድርጌ የነፋስ ግፊት ለመቀነስ እየሞከርኩ ነው፤ ነገር ግን አንዱን ስነካ ሌላው ይበላሻል። ከመሪው ሥር ያሉትን ቀለበቶች አውጥቼ የክርን ማሳረፊያውን በ2 ሴንቲሜትር ዝቅ አደረግሁት። ጀርባዬ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ከጎን የተቀረጸው ቪዲዮም ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ፔዳሉ ከላይ ሲደርስ ነው፦ ጭኔ ሆዴን ይገፋል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ የኃይል መለኪያውም በተመሳሳይ የልብ ምት ከቀድሞው ያነሰ ዋት ያሳያል።

የዳሌዬ ማዕዘን ስለጠበበ እንደሆነ ይገባኛል። ስለዚህ ኮርቻውን ወደ ፊት ገፋሁት፤ ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ፔዳሉ ስለሚቀርብ በመጠኑ ከፍም አደረግሁት። ዳሌዬ ተከፈተ። አሁን ደግሞ ክብደቴ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፣ የኮርቻው አፍንጫም ያደነዝዘኛል። (ከዚህ ሁሉ ስቃይ በኋላ ሩጫ አለ!)

የፔዳሉ ክንድ (ፔዳሉን ከመሐል ዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ብረት) ርዝመት 172.5 ሚሊሜትር ነው። በ165 ብለውጠውና ኮርቻውን በ7.5 ሚሊሜትር ከፍ ባደርገው፣ ጉልበቴ ከላይ ሲደርስ ከዳሌዬ አንጻር በ15 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህን ያደረገ ሰው ልዩነቱ በእርግጥ ተሰምቶታል? ወይስ በቅድሚያ አፍንጫው አጭርና መሐሉ የተከፈለ ኮርቻ ልሞክር? የክርን ማሳረፊያውን ከኮርቻው አዲስ ቦታ ጋር እኩል ወደ ፊት መግፋትስ ትከሻን ያሳርፋል? መሪውን ወደ ነበረበት መመለስ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ እሱን የመጨረሻ አማራጭ አድርጉልኝ።