ስንት ብሬከር የሚይዝ ቦርድ ልግዛ? የትስ ይቀመጥ?

ልስን_ጠባቂ
ሰላም ሰዎች፣ ቤት እየሰራሁ ነው፣ ልስን ሳይጀመር ኮንዱይት (የገመድ ማለፊያ ቱቦ) መቅበር ስላለብን ቶሎ መወሰን አለብኝ። ኤሌክትሪሺያናችን ባለ 8 ቦርድ ይበቃል፣ ኩሽና በር ጀርባ እንገጥመዋለን ይለኛል፣ ባለቤቴ ደሞ እንዳይታይ ደረጃው ስር ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ይግባ ትላለች። 3 መኝታ ቤት ነው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ቦይለር፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ፍሪጅ አለ፣ ወደፊት ምናልባት ኤሲ። ደሞ ይሄ አርሲዲ የሚሉት ነገር የግድ ነው ወይስ ብሬከር ካለ ይበቃል?

ሽቦ_በጥሶ
ባለ 8?? ኧረ ባክህ። ቁጭ ብለህ ቁጠረው እስቲ፣ መብራት 2 መስመር፣ ሶኬት 3፣ የኩሽና ሶኬት ለብቻ፣ ምድጃ፣ ቦይለር፣ ማጠቢያ፣ ፍሪጅ፣ 10 ሞላ። ዋናው ማጥፊያ ብቻውን የ2 ብሬከር ቦታ ይበላል፣ አርሲዲም እያንዳንዱ 2 2፣ ሁለት ካስገባህ 16 ደረስክ ማለት ነው፣ ኤሲውን ገና አልነካንም። ባለ 24 ግዛ። ባዶ የቀረውን ቦታ በፕላስቲክ መክደኛው ዝጋው፣ ክፍት አይተው፣ ልጅ ጣቱን ይከታል።

ሊና_ፌዝ
የአርሲዲውን ልመልስ። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው እንጂ አንተን አይደለም። ባለ 16 አምፔር ብሬከር የሚጥለው ሾርት ሲሆን ወይ ጭነት ሲበዛ ነው፣ ሰው ሲነዝረው የሚያልፈው ግን ሚሊ አምፔር ስለሆነ ብሬከሩ ጭራሽ አያውቀውም። አርሲዲ በፌዝ (መብራቱ በሚመጣበት ገመድ) የሄደውና በኒውትራል (በመመለሻው ገመድ) የተመለሰው እኩል መሆኑን ነው የሚያየው፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ ይቆርጣል። ስለዚ አዎ የግድ ነው በኔ እይታ። ኧርዝም (ወደ መሬት የሚወርደው ገመድ) ይኑርህ፣ ኧርዝ ካለ ዕቃው ሊክ ሲያደርግ (ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ሲያመልጥ) ሰው ሳይነካው ነው የሚጥለው።

ግን አንድ አርሲዲ ለቤቱ በሙሉ እንዳታደርግ!! የቦይለሩ ማሞቂያ ትንሽ ሊክ ባደረገ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ጨለማ ይሆናል፣ አንተ ቤት ከሌለህ ደሞ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ለሁለት ክፈለው፣ አቅም ካለ ቢያንስ ለፍሪጁና ለቦይለሩ አርሲቢኦ (ብሬከርና አርሲዲ ባንድ ላይ) አድርግላቸው። ስትገዛ ታይፕ ኤ የሚለውን ውሰድ፣ ታይፕ ኤሲ (ከአየር ማቀዝቀዣው ኤሲ ጋር አይገናኝም) ለዘመኑ ማጠቢያና ኢንቨርተር ላለው ዕቃ አይሆንም።

ሌላው ብዙ ቦታ የማየው፣ አርሲዲ ሁለት ሲሆን ኒውትራሉም ሁለት ባር (ገመዶቹ የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ይለያያል፣ የአንዱን ኒውትራል ሌላው ባር ላይ ካሰርከው መብራት ስታበራ ወይ ዕቃ ስትሰካ ይጥላል፣ ከዛ "አርሲዲው ፎርጅድ ነው" ተብሎ ተነቅሎ ይጣላል 😅 ዕቃው ግን ምንም አልሆነም።

ሽቦ_በጥሶ
@ሊና_ፌዝ ይሄ የኒውትራሉ ነገር እውነት ነው፣ የሚገርመው ነቅሎ የሚጥለው ራሱ ያሰረው ሰውዬ ነው።

ጋሽ_ቆጣሪ
ቦታውን በተመለከተ ሁለቱም አልጣሙኝም። ኩሽና እንፋሎትና የዘይት ጭስ አለ፣ በሩ ክፍት በሆነ ቁጥር ደሞ ይከለላል። ዕቃ ቤት ከሆነ ዛሬ ባዶ ነው፣ ነገ ፍራሽና ካርቶን ተደግፎበት ታገኘዋለህ። ማሰር የላላ ቦታ ካለ ይግላል፣ እሳት ከተነሳ ደሞ የመውጫችሁ ደረጃ እላዩ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤትማ አይታሰብም። መግቢያው አካባቢ ኮሪደር ላይ አድርገው፣ ከወለል 1.4 ሜትር ገደማ፣ በጨለማም በዳበሳ የሚገኝበት፣ ወንበር ሳትወጣ። ቆርቆሮ ቦርድ ከፕላስቲኩ ይሻላል ግን ቦርዱ ራሱ ኧርዝ መታሰር አለበት።

ብሬከሩንም ገመዱን አይተህ ምረጥ፣ በ1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ 10 አምፔር፣ በ2.5 ገመድ 16፣ ምድጃው በ6 ገመድ 32። ሲጥልባቸው ጊዜ 16ቱን አውጥተው 32 የሚከቱ አሉ፣ መጣሉን ያቆማል፣ ገመዱ ግን ግድግዳ ውስጥ ይበስላል። ብሬከሩ ፊት ላይ ሲ16፣ ከስሩ በአራት ማዕዘን ውስጥ 6000 (ሾርት ሲሆን ሊቆርጥ የሚችለው አምፔር) የሚል ጽሁፍ አለ፣ ጽሁፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ አትግዛው።

ልስን_ጠባቂ
እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ ሁላችሁም። ባለ 24 ኮሪደር ላይ ተስማምተናል፣ ባለቤቴ ክዳኑ የግድግዳው ቀለም ይቀባ ካላችሁ እሺ ብላለች። ለኤሲው አሁኑኑ ገመድ ላስገባ እንዴ?

ሊና_ፌዝ
ገመዱ ይቆይ፣ የኤሲውን አቅም ሳታውቅ ውፍረቱን እንዴት ትመርጣለህ። ባዶ ኮንዱይት ሁለት ሶስት ከቦርዱ ወደ ላይ አውጣ፣ ውስጡ መሳቢያ ሽቦ ተው። ከልስኑ በፊት ግድግዳውን ሁሉ ፎቶ አንሳው፣ በኋላ ሚስማር ስትመታ ይጠቅምሃል። ቀለሙ ክዳኑ ላይ ብቻ ይሁን፣ ብሬከሮቹንና የአርሲዲውን ቴስት ቁልፍ እንዳይነካ።