ሰውና ዳይኖሰር አብረው ኖረዋል እንዴ? የቴክሳሱን ዱካ የምታውቁ አስረዱኝ

የገርጂው፦
ሰላም ቤቶች። እሁድ ቡና ላይ ከአጎቴ ጋር ክርክር ገጠምን፤ ከአቦል እስከ በረካ አልተላቀቅንም። ነገሩን የጫረችው የስድስት ዓመቷ ልጄ ናት። «ዳይኖሰር ሰው ይበላ ነበር?» አለች። እኔም «አይ፣ ያኔ ሰው ገና አልነበረም» ብዬ ልገላገል ስል ጋሼ ስልካቸውን አወጡና ቪዲዮ ከፈቱ። ቴክሳስ ነው አሉ። ወንዝ ውስጥ ያለ አለት ላይ የዳይኖሰር ኮቴ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ቁርጥ የሰው እግር የሚመስል ዱካ። «ይኸው፣ አንድ ጭቃ ረግጠዋል፣ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» አሉኝ። እውነት ለመናገር አፌ ተያዘ። ተቀነባብሮ ነው እንዳልል ቦታው የምር ያለ ይመስላል፣ ጎብኚ ሁሉ ይታያል። አጎቴን እንድትስቁባቸው ብዬ አይደለም የጻፍኩት፣ ብዙ የሚያነቡ ሰው ናቸው። ለፋሲካ እንደገና ስለምንገናኝ መልስ ይዤ ልሂድ ብዬ ነው።

ጋርላንድ ነኝ፦
ቦታው በደንብ አለ። ግሌን ሮዝ ይባላል፣ ወንዙ ፓላክሲ ነው። ከእኛ ከዳላስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ልጆቹን ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አሁን የዳይኖሰር ፓርክ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ጫማህን አውልቀህ ባለ ሦስት ጣቱ ኮቴ ውስጥ መቆም ትችላለህ። በ2022 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ድርቅ ሲመታን ውሃና ደለል ሸፍኗቸው የኖሩ ብዙ ዱካዎች ወጥተው ዜና ሆነው ነበር። አለቱ ወደ 113 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ነው፣ ያኔ የባሕር ዳር ጭቃ ነበር።

«የሰው እግር» የሚሉት ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማጭበርበር ነው፣ በአጭሩ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የሰፈሩ ሰው የዳይኖሰር ኮቴ ከወንዙ እየፈለፈለ ይሸጥ ነበር፣ ገበያው ሲደራ አንዳንዱ ቁጭ ብሎ ከድንጋይ የግዙፍ ሰው እግር መቅረጽ ጀመረ። ሮላንድ በርድ የሚባል የኒውዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰው በ1938 እንዲህ ያለ ቅርጽ አይቶ፣ የውሸት መሆኑ ገብቶት፣ ግን መቼም ከምንም አልተነሳም ብሎ ግሌን ሮዝ ድረስ ሄደ። እዚያ የአንገተ ረጃጅሞቹን ግዙፍ ዳይኖሰሮች እውነተኛ ዱካ አገኘ። ከዱካው የተቆረጠው ዛሬም ኒውዮርክ ሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። በውሸት ድንጋይ ተመርቶ እውነተኛውን ማግኘት ይሉሃል ይሄ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ማንም ያልቀረጸው ነው፣ የጋሼም ቪዲዮ ይሄኛው ይመስለኛል። ባለ ሦስት ጣቱ ዳይኖሰር በተለምዶ በጣቱ ነው የሚራመደው። አንዳንዴ ግን ጭቃው ላይ ከጣቱ ኋላ ያለውን የእግሩን ክፍል ጭምር ያሳርፋል፣ ዱካው ረዥም ይሆናል። ከዚያ እግሩን ሲያወጣ ጭቃው ተመልሶ የጣቶቹን ቦታ ይዘጋል፣ ወይም ደለል ይሞላዋል። በክረምት የአዲስ አበባን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የረገጠ ሰው ይሄን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልገውም! የሚቀረው ሞላላ ጉድጓድ ነው፣ እሱ ደግሞ የሰው እግር ይመስላል። በ1980ዎቹ ዱካዎቹ ተጠርገው በደንብ ሲታዩ በሞላው ደለል ቀለም ልዩነት ሦስቱ ጣቶች ቁልጭ ብለው ወጡ። ዓለም በቅርቡ ነው የተፈጠረችው ብለው የሚከራከሩት ድርጅቶች ሳይቀሩ ከዚያ በኋላ ይህን ማስረጃ አትጠቀሙበት ማለት ጀመሩ።

ለምን ይሆን፦
እሺ፣ ዱካውን ተውኩት። ዕድሜውን ግን ማን ቆጠረው? የካርቦን ምርመራ ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ አይሠራም ብለው ራሳቸው ይናገራሉ። ታዲያ 113 ሚሊዮን ከየት መጣ? ደግሞ መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ጅራቱ እንደ ዛፍ የሆነ ግዙፍ አውሬ ተጽፏል። እሱስ ዳይኖሰር ካልሆነ ምንድነው?

ቡና አፍይ፦
እኔ ኮሜንት ለማንበብ ነው የመጣሁት፣ ቀጥሉ።

ድንጋይ ቆጣሪ፦
ለምን ይሆን፣ ስለ ካርቦኑ ልክ ነህ፤ ስለዚህም ዳይኖሰርን በካርቦን የሚለካ የለም። ለእንዲህ ያለ ዕድሜ አንዱ መንገድ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፖታሺየም በጣም ቀስ እያለ ይለወጣል፣ ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ከሚለወጠው ከፊሉ አርጎን ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ሲቀልጥ የነበረው ጋዝ በኖ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመትም የታወቀው እንዲህ ነው፣ ሐዳር ላይ ባለው አመድ።

ኢዮብን በተመለከተ፣ እኔም ቆሎ ትምህርት ቤት ባልገባም ቤታችን ያለውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቼ አይቻለሁ። ምዕራፍ 40 ላይ «ጉማሬ» ነው የሚለው። ሣር ይበላል፣ ውሃ ዳር ይተኛል። ጅራቱ ላይ ብትከራከረኝ እሰማሃለሁ።

ቴክሳስ ድረስ ለምን እንሄዳለን ግን? በጎሃ ጽዮን አድርጋችሁ ወደ ደጀን የተጓዛችሁ የዓባይን ሸለቆ ስትወርዱ ምን እንደምታልፉ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ላቫ ነው። ከሥሩ አሸዋማው ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋዩ፣ እነዚህ የዳይኖሰር ዘመን ናቸው። ሙገር ሲባል ሲሚንቶ ብቻ ትዝ ይለን ይሆናል፣ ነገር ግን በዚያው ስም በሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል፣ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ። ሀገራችን ሁለቱም አላት እንግዲህ፣ ግን አንድ ደርብ ላይ አይደሉም። አፋር ላይ ይህን ያህል ዓመት ሲቆፈር ከሰው ዘር አጥንት ጋር ዝሆን፣ ጉማሬ፣ አሳማ፣ አዞ ይወጣል። አንድም ዳይኖሰር የለም። ከላቫው ሥር ደግሞ አንድም የሰው ጥርስ የለም።

ርቀቱን ለልጅህ እንዲህ አስረዳት። አንድ ዓመት አንድ ሚሊሜትር ይሁን። ከመስቀል አደባባይ ተነሱ። የክርስቶስ ልደት ሁለት ሜትር ላይ ነው፣ ዘወር ሳትሉ። ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው ጥንታዊ ሰው 233 ሜትር ላይ። ድንቅነሽ 3.2 ኪሎ ሜትር፣ ቦሌ ኤርፖርት ሳትደርሱ። የመጨረሻዎቹን ዳይኖሰሮች ለማግኘት ግን 66 ኪሎ ሜትር መንዳት አለባችሁ፣ ቢሾፍቱን አልፋችሁ ሞጆ ልትገቡ ስትሉ። ሜክሲኮ አገር ላይ (አደባባዩ አይደለም) ወርዶ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ የቆፈረው፣ እነሱንም የፈጀው የሰማይ ድንጋይ እዚያ ጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዳይኖሰሮች አዋሽ ሰባት ኪሎ አካባቢ ናቸው። እነሱ ራሳቸው እንኳ ሁሉም አልተገናኙም፤ ቲ-ሬክስ ጀርባው ላይ ሳንቃ ከደረደረው ከስቴጎሳውረስ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

የገርጂው፦
ዕድሜ ይስጣችሁ! ለጋሼ ደውዬ የሞጆውን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «በአዲሱ መንገድ ነው በድሮው?» አሉኝ። ተሸንፈዋል ማለት ነው መሰለኝ። ልጄ ግን አሁንም «ታዲያ ማን ማንን በላ?» እያለች ነው።

ጋርላንድ ነኝ፦
እኛ ነን የበላናቸው በላት። ወፎች ከዳይኖሰር ዘር የተረፉት ናቸው፣ ዶሮም አንዷ ናት። ለፋሲካ ዶሮዋ ስትገነጠል ፈረሰኛው ላይ ያለችውን ሹካ የምትመስል አጥንት አሳያት፣ ቲ-ሬክስም ያቺው አጥንት ነበረችው።

የገርጂው፦
ፈረሰኛው የጋሼ ነው እኮ፣ አጥንቷን እሳቸው ራሳቸው ያሳዩዋት።