«ዓለማዊ» የሚለው ቃል አማኝን ሊያስፈራ ይገባዋልን?

ጥያቄ፦ ባለፈው እሑድ በሰንበቴያችን «ኅብረተሰቡ ይበልጥ ዓለማዊ እየሆነ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ከጋዜጣ ሳነብ፣ አንድ አረጋዊ አባት ደንግጠው «እንግዲያ ጾሙም ጸሎቱም ሊቀር ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጸሐፊው መንግሥት ከሃይማኖት መለየቱን ይሁን ወይስ ሰዉ ከእምነት መራቁን ሊናገር የፈለገው፣ እኔም መለየት አቃተኝ። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሊሸከም ይችላል? አባታችንስ ቢፈሩ ይፈረድባቸዋልን?

መልስ፦ አይፈረድባቸውም። በግእዝ «ዓለም» ዘመንንም ፍጥረቱንም ያመለክታል። በጸሎት መጨረሻ «ይእዜኒ ወዘልፈኒ ወለዓለመ ዓለም» ስንል የምንናገረው ስለ ቦታ ሳይሆን ማለቂያ ስለሌለው ዘመን ነው። በአማርኛ «ዓለማዊ» የምንለው የእንግሊዝኛው «ሴኩላር» የተገኘበት የላቲኑ «ሴኩሉም» ደግሞ ዘመን ወይም ትውልድ ማለት ነበር፤ የላቲኑ ጸሎትም በዚያው ስፍራ «ኢን ሴኩላ ሴኩሎሩም» ይላል። ስለዚህ «ሴኩላር»ን «ዓለማዊ» ብሎ የተረጎመው ሰው እጅግ የተስተካከለ አቻ አግኝቷል፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ቃሉ ከገዳም ውጭ በሕዝብ መካከል የሚያገለግል ካህን መጠሪያም ስለነበር፣ ከክህደት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

በአማርኛ ግን ቃሉ ሌላ መንገድ ሄደ። ልጇን የዳረች እናት «ዓለሜን አየሁ» ስትል ደስታዋን መናገሯ ነው፤ ዓለምን ንቆ የመነነ ሰው ደግሞ የተለየው ከዚያው ደስታ ነው። ከስብከቱ መድረክ የምንሰማው «ዓለማዊ ዘፈን» እና «ዓለማዊ ኑሮ» ሁልጊዜ የ«መንፈሳዊ» ተቃራኒ ሆኖ፣ ከስካርና ከዝሙት ጋር ተቆራኝቶ ነው። «ዓለማዊ መንግሥት» የሚለው የሕግ አነጋገር ይህን ልብስ ለብሶ ወደ ምእመኑ ጆሮ ሲደርስ፣ መንግሥቱ ራሱ ወደ ኃጢአት የሚጋብዝ ይመስላል።

ሌላ መልስ፦ በዐረብኛም ሴኩላርነት የሚጠራበት «ዐልማኒያ» ከ«ዓለም» የወጣ ነው፤ «ዒልም»፣ ማለትም ዕውቀት፣ ከሚለው የሚያመጡትም አሉ፣ እኔ ግን የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። እንደ ሙስሊም የምጨምረው፣ አባቶቻችን የሃይማኖትንና የመንግሥትን መለያየት የጠየቁት እንጂ የፈሩት አለመሆኑን ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 መሠረት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተናገሩት የሚባለው «ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» በሕጉ ውስጥ ቦታ አላገኘም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፍ የወጡት ሙስሊሞች ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ ሲጠይቁ፣ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የቃል ጥያቄ ነበር፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላቸው ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ ፈልገዋል። «የሚኖሩ» የሚለው ግስ እንግዳ እንደሚያደርጋቸው በሚገባ ተረድተውታል።

የመጀመሪያው መላሽ፦ ስለዚህ ማስታወሻ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የአረጋዊው አባት ፍርሃት ግን ሌላም ሥር አለው። ከዚያ ሰልፍ በኋላ ሥልጣን የያዘው ደርግ ሃይማኖትን በነጻነቱ አልተወውም። በ1971 ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም፣ የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገድለዋል። ያን ዘመን ያየ ሰው «ዓለማዊ» ሲባል ቢሸማቀቅ በጆሮው አልተታለለም። ያ ግን መለያየት ሳይሆን ጠላትነት ስለነበር በሌላ ስም ሊጠራ ይገባዋል፤ እኔ «ፀረ ሃይማኖት» እለዋለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 «ዓለማዊ» የሚለውን ቃል ሳያነሣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አማኙን የሚጠብቀው ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው፤ መንግሥት ጳጳስ ወይም ኢማም እንዳይመርጥለት የሚከለክልለት እርሱ ነውና። ለዚህ ትርጉም «ከሃይማኖት የተለየ መንግሥት» ብንል፣ ቢረዝምም፣ ማንንም አያስደነግጥም።

ጠያቂው፦ ጋዜጣውን እንደገና አነበብሁት። የሚናገረው ስለ ሕግ ሳይሆን፣ በአውሮፓ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው እያነሰ ስለመምጣቱ ነው። ስለዚህ ለአባታችን «ሰዉ ከእምነት እየራቀ ነው ይላል» ብዬ እነግራቸዋለሁ። በዚህ ትርጉም መስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ስጋታቸው ግን መንግሥትን የሚመለከት አይደለምና፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን እያሰቡ የሚጸልዩበት ይሆናል። ለዚህ የሚሆን አጭር ስም ያላችሁ ብትጠቁሙኝ እወዳለሁ፤ «ዓለማዊነት» የሚለውን ግን ከእንግዲህ ለዚህ አልጠቀምበትም።