በተደጋጋሚ ለተመዘገበ «አዎ/አይ» መልስ የትኛው ቴስት ይሻላል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥናቴ ላይ 60 ሰዎች አሉ። ለ30ዎቹ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በስልክ መልእክት እናስታውሳቸዋለን፣ ለ30ዎቹ ምንም አንልክም። ለ5 ሳምንት በየሳምንቱ «ሳያቋርጡ ወስደዋል?» ብዬ ጠይቄ አዎን 1፣ አይን 0 ብዬ መዘገብኩ። 300 መስመር ዳታ ሆነ። ሁሉንም ደምሬ ካይ ስኩዌር (የቡድኖችን የአዎ/አይ ብዛት የሚያወዳድር ቴስት) ስሠራ ፒ ቫልዩው (በቡድኖቹ መሀል ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ) 0.01 መጣ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን የሆነ ነገር ሸክኮኛል። ልክ ነኝ?

መላሽ 1፦
መሸከክሽ ልክ ነው። ካይ ስኩዌር እያንዳንዱን መስመር እንደተለየ ሰው ነው የሚቆጥረው። ያንቺ ግን 300 ሰው አይደለም፣ 60 ነው። በ1ኛው ሳምንት የወሰደ ሰው በ2ኛውም የመውሰድ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ 5ኛው መልሱ ብዙ አዲስ ነገር አይነግርሽም። የአንድ ሰው መልሶች ዝምድና 0.5 ነው እንበል። 1 + (5 − 1) × 0.5 = 3። 300ን ለ3 ስታካፍዪ በእጅሽ ያለው የ100 መስመር ያህል መረጃ ነው። 0.01ን እንዳታምኚው።

መላሽ 2፦
ማክኒማር ይሆንሻል፣ ለተደጋገመ አዎ/አይ የተሠራ ነው።

መላሽ 3፦
ለዚህ እንኳን አይሆንም። ማክኒማር የሚሠራው ያው ሰዎች ሁለት ጊዜ ሲጠየቁ ነው፤ ስንቱ ከአይ ወደ አዎ፣ ስንቱ ከአዎ ወደ አይ እንደዞረ ያወዳድራል። ከሁለት ጊዜ በላይ ሲሆን ኮክራን ኪው አለ፣ እሱም ቢሆን ቡድንን ከቡድን አያወዳድርም። እኔ ብሆን ጂኢኢ (GEE፣ የአንድ ሰው መልሶች እንደሚዛመዱ ቆጥሮ ቡድኖችን የሚያወዳድር ዘዴ) እሠራለሁ፣ ሊያንግና ዜገር በ1986 ያወጡትን። የሰውዬውን መለያ ቁጥር ክላስተር (የአንድ ሰው መልሶች አንድ ላይ የሚታሰሩበት) አድርጊና ቡድን፣ ሳምንት፣ የሁለቱን ኢንተራክሽን (ጥምር ውጤት) አስገቢ። ኢንተራክሽኑን በደንብ እዪው፤ በቡድኖቹ መሀል ያለው ልዩነት በየሳምንቱ እየሰፋ ነው ወይስ እየጠበበ የሚለው እዚያ ነው ያለው።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! አማካሪዬ ግን ሚክስድ ሞዴል (ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መነሻ የሚሰጥ ሞዴል) ሥሪ ብሎኛል። ደግሞ 7 ሰዎች ከ3ኛው ሳምንት በኋላ ጠፍተውብኝ 0 ብዬ ነው የሞላሁት።

መላሽ 3፦
ኧረ 0 አትሙዪ! አልወሰደም እና አልመለሰም አንድ አይደሉም። እነዚያን 14 ቦታዎች ባዶ አድርጊያቸው። ሰው ከጠፋማ የአማካሪሽ ምክር ይሻላል። ተራው ጂኢኢ የጠፉት እንዲያው በአጋጣሚ ነው ብሎ ነው የሚነሳው፣ ሚክስድ ሎጂስቲክ (ለአዎ/አይ መልስ የሚሆነው ሚክስድ ሞዴል) ግን መጥፋታቸው ቀድሞ ከሰጡት መልስ ጋር ቢያያዝም ይችለዋል። አንድ ነገር ብቻ፣ የሚክስድ ሞዴሉ ኦድስ ሬሾ (የአንዱ ወገን የአዎ ለአይ ንጽጽር ለሌላው ሲካፈል፤ 1 ማለት ልዩነት የለም) ከጂኢኢው ይልቅ ከ1 ራቅ ብሎ ቢመጣ አትደንግጪ። ጂኢኢ የሚነግርሽ በቡድን ደረጃ ስላለው አማካይ ልዩነት ነው፣ ሚክስዱ ደግሞ ያው አንድ ሰው መልእክት ቢደርሰውና ባይደርሰው ስለሚኖረው ልዩነት።